ንጉሥ ያወጣች ቤንዚን ብታወጣ

መጀመሪያ ያወቀው ውሻው ነው። የሰፈራችን ውሻ ባለቤት የለውም፤ ቤት ግን ነበረው፣ የእኔ ቮልስ ሥር። አንድ ማለዳ ብቅ ስል ቤቱን ቀይሮ ጎረቤቴ በቅርቡ የገዛት የኤሌክትሪክ መኪና ሥር ተጋድሟል። ጎረቤቴ ደግሞ ይህን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አይደለም።

«ውሻው እንኳ ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ፤ አንተ ምን ትጠብቃለህ?»

«መብራት እስኪጠፋ።»

አንድ ለዜሮ መራሁ ብዬ ወደ መኪናዬ ጎንበስ ስል፣ ከኋላዋ መሬቱ ላይ መዳፍ የምታህል እርጥበት አየሁ። ሽታው የማደያ ሽታ ነው። አንድ አቻ።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ቮልስዋገን 1300፣ የፈረንጅ 1966 ሥሪት፣ በእኛ 1958 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሊብሬዋ ከእኔ የልደት ካርድ ይበልጣል። ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋም ቤንዚኗም ከፊት። ራዲያተር የሚባል ነገር አታውቅም፤ በንፋስ ነው የምትቀዘቅዘው። ለተረበኛ ከዚህ የተመቸ ፍጡር የለም። ከሰው ተርታ የተለየ ነገር ያለው ሁሉ ይተረባል፤ እሷ ደግሞ ሁሉ ነገሯ የተገላቢጦሽ ነው።

ቤንዚን ማፍሰሷ በተሰማ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ መካኒክ ሆነ። ልጆቹ ጀመሩ፦ «ጋሼ፣ መኪናህ ሸናች!» ባለሱቁ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ዳይፐር ገብቶልኛል፤ ስንት ቁጥር ነው የምትለብሰው?» አለኝ። ባለፈው ክረምት የሱቅህ ጣሪያ ሲያንጠባጥብ ያለበስከውን ቁጥር ስጠኝ አልኩት። እማማ፣ የግቢያችን ትልቅ ሰው፣ ከልባቸው አዝነው መጡ።

«ልጄ፣ ጸበል አስነካት።»

«እማማ፣ እሷ እኮ ውሃ አትጠጣም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትጠጣው?»

«ቤንዚን።»

«እንዲያ በል! ሰክራ ነዋ የምታንጠባጥበው።»

ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ ደግሞ ወያላው ጠበቀኝ። «ፋዘር፣ ራዲያተርህ እየፈሰሰ ነው!» ራዲያተር የላትም አልኩት። «ሞተሩስ?» ከኋላ ነው። «ሻንጣውስ?» ከፊት። ትንሽ አሰበና፣ «ታዲያ አንተ በየትኛው በኩል ነው የምትነዳት?» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። መልስ ሳላዘጋጅ አረንጓዴ በራ።

መልስ ያጣሁለት ግን አንድ አለ። በረንዳ ላይ ጋዜጣ የሚያነቡ ጡረተኛ ጎረቤታችን ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰደቻቸው እኮ ይቺው ቮልስ ናት። ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥት ያወጣች መኪና ቤንዚን ከቱቦ ማውጣት ያቅታታል ብለህ ነው?» ምን ይባላል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ አለፍኩ።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አስቀምጣለች፤ ጠብ። ጠብታውም ጠብ ነው፤ ጭቅጭቁም ጠብ ነው። ከሰፈሩ ሁሉ ምክር ጠብ የሚል ነገር አላገኘሁም፤ ከመኪናዬ ግን ጠብ ይላል። ጠብ ባለ ቁጥር ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ጠብ አለ፤ ልብሴ ቤንዚን ቤንዚን ይላል ብላ። የፈሰሰ አይታፈስም የሚለውን ተረትም የተናገረው ሰው ቤንዚን ገዝቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ሊትሩ ከመቶ ብር ካለፈ ወዲህ የፈሰሰውን በማንኪያ ማፈስ ያምረኛል። አንድ ቀን አምሮኝ በመርፌ ሲሪንጅ ለካሁት፤ ሃምሳ ጠብታ ገደማ አንድ ሚሊ ሊትር ሆነልኝ። በሰከንድ አንድ ጠብታ ቢሆን በቀን አንድ ሊትር ከሰባት ማለት ነው። አርባ ሊትር የምትይዘው ሳልባትዮ አንድ ወር ሳትደርስ፣ አንድ ሜትር ሳትነዳ፣ ባዶ ትቀራለች። የእኔዋ እዚያ አልደረሰችም፤ አካሄዷ ግን ወደዚያ ነበር።

የመጀመሪያው መካኒክ መንገድ ዳር የሚሠራ ነው። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት፤ የፊቱን ኮፈን አስከፈተኝ፤ ከኪሱ ቁራጭ ሳሙና አወጣና ሳልባትዮውን ዙሪያውን ይለቀልቅ ጀመር።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ቤንዚኑ ያለው እዚህ ውስጥ አይደል?»

«የሚያፈሰው ከኋላ ነው እኮ።»

«ከኋላ የሚፈሰው ከፊት ካለው ነዋ!»

ለሎጂኩ ምን ይባላል? እግሬን አመመኝ ብል ራሴን ልታስርልኝ ነው አልኩት። በነገራችን ላይ ሳሙናው ውሸት አይደለም። ደረቅ ሳሙና ቤንዚን ስለማያሟሟው፣ ሳልባትዮ ድንጋይ ቢመታውና ጭረቱ ቢያዣ፣ በዚያ ለቅልቆ ከተማ መግባት ይቻላል። ብዙ ሾፌር ከበረሃ የወጣው በሳሙና ነው። ብቻ የእኔ ሳልባትዮ ደረቅ ነበር። መኪናዬ ሳትታመም ገላዋን ታጠበች፤ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጋራዥ ያለው፣ ቱታ የለበሰ፣ ባለ ረዳት ነው። የጋራዡን ስም ተዉት። ከኋላ ከፈተ፣ ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የምትሄደውን አጭር የጎማ ቱቦ አየ፣ «አገኘሁት!» አለ። እውነትም ቱቦዋ አርጅታ ተሰነጣጥቃለች። አውጥቶ ጣላትና በምትኩ ምን ቢገጥም ጥሩ ነው? ግንበኛ ውሃ ልክ የሚያነሳበትን፣ ያንን ነጭ አሳላፊ ፕላስቲክ። «ቤንዚኑ ሲያልፍ ይታይሃል» አለኝ በኩራት። እኔ ቴሌቪዥን አላዘዝኩም አልኩት። በዚያም አላበቃም፤ መሀሉ ላይ ከባድ የቤንዚን ማጣሪያ አንጠለጠለ፤ ጫፍና ጫፉን በፋሼታ ጠፍሮ፣ በካቻቪቴ እስኪያልበው ድረስ አጠበቀ። «ይቺ ከእንግዲህ ጠብ አትልም።»

ሦስት ቀን ቃሉን ጠበቀ። በሁለተኛው ሳምንት ነጩ ፕላስቲክ ቢጫ ሆነ፤ ደርቆም እንደ ቋንጣ ቋ ቋ ይል ጀመር። ያ ፕላስቲክ ለውሃ የተሠራ ነው፤ ቤንዚን ማለስለሻውን ከውስጡ እየመጠጠ ያደርቀዋል። ይባስ ብሎ ጠብታው ተመለሰ፤ ብቻውን ሳይሆን ወንድሞቹን ይዞ። መልሼ ወሰድኩለት። ፋሼታውን እንደገና አጠበቀ። ለአንድ ቀን ተሻለ። እንደገና ወሰድኩለት፤ እንደገና አጠበቀ። አራተኛ ጊዜ ስመጣ ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ ለምን ፋሼታውን አንተ ላይ አናጠብቅም? አንተ ነህ የምትመላለሰው» አለኝ። ሳቅኩ። ተረብ ሲገባኝ እከፍላለሁ፤ ለሥራው ግን ሁለተኛ አልከፈልኩም።

ከሦስተኛው መካኒክ ያገናኘኝ ጡረተኛው ጎረቤቴ ነው። መካኒኩን ጋሼ እንበላቸው። ቮልስ ሲሠሩ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ተረባቸው ግን ያልሸበተ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋን እንኳ ሳያዩ ምርመራ ጀመሩ።

«መቼ መቼ ነው የምታፈሰው?»

«ሁልጊዜ፣ ጋሼ።»

«ሁልጊዜ የሚባል ፍሳሽ የለም። ሁልጊዜ የሚፈስ የአፍ ወሬ ብቻ ነው። ስትሞላት ነው? ቆማ ነው? ወይስ ስትሠራ?»

ዝም አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ስታፈስ አይቻለሁ፤ መቼ እንደሆነ ግን ልብ ብዬ አላየሁም። እሳቸው ጣታቸውን እየቆጠሩ አስረዱኝ። ሳልባትዮ ጢም ብሎ ሲሞላ ብቻ፣ በተለይ ጥምዝ ላይ፣ መኪናዋ ውስጥ የሚሸት ከሆነ ከላይ ነው፤ የመሙያው አንገት ጎማ፣ የመተንፈሻዋ ቱቦ፣ ወይም የነዳጅ መለኪያዋ የምትቀመጥበት ጓርኒሲዮን። ቆማ አዳሯን ከፊት የምታፈስ ከሆነ ከሳልባትዮው ሥር፣ ከመውጫዋ ወይም ከእሷ ከሚነሳው ጎማ ነው፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳልና። መሀል ለመሀል ከሆነ «እሱን ለጠላትህ» አሉ፤ የብረቱ ቱቦ በመኪናዋ እምብርት፣ በዝግ ዋሻ ውስጥ ነው ከፊት ወደ ኋላ የሚያልፈው፤ ካፈሰሰ ሆድ ዕቃ ነው የሚከፈተው። ከኋላ፣ ስትሠራና ከጠፋች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የምታፈስ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ እየገፋው ነው የሚወጣው፤ ጥፋተኛው ከፓምፑ ወዲህ ነው።

«ስለዚህ ሂድና ካርቶን አንጥፍባት። ነገ ካርቶኑን ይዘህልኝ ና፤ መኪናዋን ተዋት።»

«ካርቶኑን ብቻ?»

«ሐኪም ቤት ስትሄድ ናሙናውን ነው የምትወስደው ወይስ ሽንት ቤቱን?»

ከባለሱቁ የፓስታ ካርቶን ለመንኩ። «በመጨረሻ ዳይፐሩን ገዛህ» አለኝ። ዘርግቼ ከሥሯ አነጠፍኩ፤ አራቱን ጎማ በእስክሪብቶ ሳልኩ። ማታ አንዱን፣ ከሥራ ስመለስ ደግሞ ሌላውን። በማግስቱ ሁለት ካርቶን ጠቅልዬ ስገባ ጋሼ እንደ ስኒ አንባቢ ተቀበሉኝ፤ ወደ ብርሃን አዞሩት፣ አሸተቱት። የአዳሩ ንጹሕ ነው። ከመንገድ መልስ ያነጠፍኩት ላይ ግን ከኋላ ጎማዎቹ አልፎ ቡናማ ጠርዝ ያላት ክብ አለች።

«ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ የሚተወው ይህን ጠርዝ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ያየኸው ከፈሰሰው ሲሶም አይሆን። ቀሪውን ያሸተተልህ ውሻው ነው።»

ስለ ውሻው ማን ነገራቸው? ጎረቤቴ!

መኪናዋን ባመጣሁ ቀን ቦታዋን ሳይቀር ራሳቸው መረጡ፦ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ የሚገባበት፣ ከጉድጓዱ ርቆ። ረዳታቸው «ጋሼ፣ ጉድጓዱ ላይ እናውጣትና ከሥር እንያት» ቢላቸው ገሠጹት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይበርም፣ ወደ ታች ወርዶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። አንድ ብልጭታ ሲያገኘው ነው የሚነሳው። «ጉድጓዱን ስትቆፍሩት ለመካኒክ ነበር፤ ለመቃብር አታድርጉት» አሉ። ይህን ሲናገሩ ተረባቸው ውስጥ ሳቅ አልነበረበትም። እኔም ያን ቀን ነው ሁለት ወር ሙሉ የቀለድኩበት ነገር ምን እንደነበር የገባኝ። በቮልስ ሞተር ላይ ካርቡራተሩ፣ ፓምፑ፣ ዲናሞውና እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አንድ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጡ የዕድር ሰዎች ተጠጋግተው ነው ያሉት። ቤንዚን የሚንጠባጠብበት ቦታና ብልጭታ የሚፈጠርበት ቦታ መካከል አንድ ስንዝር የለም።

ረዳቱ፣ «ቢነሳም ውሃ ሞልቷል» አለ፣ በርሜሉን እያሳየ።

«ውሃውን አንተ ጠጣው። የዚች ሞተር ከማግኒዚየም ቅይጥ ነው የተሠራው፤ አንዴ ራሱ ከተያያዘ ውሃ ስትደፋበት ይብሳል እንጂ አይጠፋም። ቤንዚኑ እንደጀመረ በደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ቀድመህ ታጠፋዋለህ፤ ካልደረስክበት ግን ሸሽተህ ትቆማለህ።»

«መኪናዋስ?»

«ፎቶ ታነሳታለህ።»

ከዚያ የኋላውን ወንበር አስነሱኝና የባትሪውን ነጌቲቭ ነቀሉ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ከኋላ የሚሳፈር ሁሉ፣ ንጉሥም ይሁን ሎሌ፣ ባትሪ ላይ ነው የሚሄደው። ቀጥሎ የዘይት መለኪያውን መዘው አሸተቱ። በፓምፑ ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ከተቀደደች ቤንዚኑ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል፤ ሁለት ሊትር ተኩል የነበረው ዘይት ሳይጨመርበት «ይወፍራል»፤ ያ ውፍረት ደግሞ ቅጥነት ነው፤ ዘይቱ ቀጥኖ ኩሽኔታ ይበላል። የእኔዋ ዘይት፣ ዘይት ብቻ ነው የሚሸተው። ፓምፑ በነጻ ተለቀቀ።

«ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ ለምን ሞተሩን አስነስተን አናየውም?»

«ሌባ ለመያዝ ቤቱን ታቃጥላለህ?»

መጀመሪያ ሁሉን በጨርቅ አደረቁ። ከዚያ ሶፍት ቆራረጡና በየመገጣጠሚያው አሰሩ፤ ፓምፑ መግቢያ ላይ፣ መውጫው ላይ፣ ማጣሪያው ግራና ቀኝ፣ ካርቡራተሩ ላይ። ሞተሯ ቀሚስ ለብሳ ሙሽራ መሰለች። የዲናሞዋን ፑሊ በ21 ቁልፍ ይዘው በእጃቸው ሞተሩን ያዞሩት ጀመር። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ፓምፑ አንድ ጊዜ ይገፋል። ብልጭታ የለም፣ ሙቀት የለም፣ ግን ቤንዚኑ ይሄዳል። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ሶፍት እናያለን። እንዲህ ተሰብስበን የምናየው የዋንጫ ጨዋታ ብቻ ነው።

ካርቡራተሩ ላይ ያለው ሶፍት ረጠበ።

«ፋሼታው!» አልኩ ቀድሜ።

«አንተን ጨምሮ ሁሉም ፋሼታው ይላል። ፋሼታ ስለሚታይ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ብትሆኑ ቀይ ሸሚዝ የለበሰውን ሁሉ ታስሩ ነበር።»

ቀስ ብለው ቱቦውን በሁለት ጣት ያዙና ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። መጣ። ግን ብቻውን አልመጣም። በቱቦው ጫፍ ውስጥ፣ በፋሼታው ተጠፍራ፣ የሕፃን ጣት የምታህል የናስ ቱቦ አብራ ወጣች። ካርቡራተሩ ላይ የቀረው ክብ ቀዳዳ ነው። እንደ ወተት ጥርስ ሳይደማ ተነቀለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ። ያቺ የናስ ቱቦ ቤንዚን ወደ ካርቡራተሩ የሚገባባት በር ናት። በብሎን አልታሰረችም፤ ስትሠራ በኃይል ተገፍታ ነው የገባችው። የካርቡራተሩ አካል ሌላ ማዕድን፣ እሷ ናስ። ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ሲበርዱ እኩል አይሰበሰቡም። የስድሳ ዓመት ገደማ ሙቀትና ብርድ ትንሽ ትንሽ አላላት። እኛ ደግሞ ምን አደረግን? ፋሼታውን ባጠበቅን ቁጥር ጎማው ናሱን ይበልጥ ጨመደደ፤ ናሱ ግን ካርቡራተሩን አልያዘም። ያ የተንጠለጠለው ማጣሪያ ከመንገዱ ጋር ሲናጥ ክብደቱ ሁሉ እሷ ላይ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ስንጠግን የነበረው እየነቀልን ነው። የመጨረሻው ጎርባጣ መንገድ ላይ ሙሉ በሙሉ ብትወጣ ኖሮ ፓምፑ ቤንዚኑን በቀጥታ እሳት ማከፋፈያው ላይ ነበር የሚረጨው።

«ጋሼ፣ 21 ሚሊዮን 529 ሺህ 464 ቮልስ ተሠርቶ ይህ የደረሰው በእኔዋ ብቻ ነው?»

«ቆጥረሃቸዋል?»

«የመጨረሻዋ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ በ2003 እ.ኤ.አ. ስትወጣ የተነገረ ቁጥር ነው።»

«ይህን ሁሉ አንብበሃል፤ ጣትህን ዘርግተህ ይቺን ናስ ግን አልነቀነቅክም።»

ሁለት ለአንድ፣ ለጋሼ። ለነገሩ ልክ ናቸው። ማንም ሰው ቆማ፣ ቀዝቅዛ፣ ባትሪው ተነቅሎ በሁለት ጣት ሊነካት ይችል ነበር። የምትወዛወዝ ከሆነ መኪናው አይነዳም፤ ምርመራው ይኸው ነው። ማናችንም ያልነካናት የካርቡራተሩ አካል መስላን ነው።

ጥገናው ከምርመራው ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ረዳቱ በማጣበቂያ መልሰን እንለጥፋት ቢል፣ ጋሼ «ትዳር ነው እንዴ?» አሉት። የካርቡራተሩን ክዳን አምስቱን ብሎን ፈትተው አወጡት። ሥሩ ላይ ያለችውን መርፌም ፈቱ። ይቺ መርፌ ሮቶ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ዓይነት ሥራ ነው የምትሠራው፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ትዘጋለች። የብረት ብናኝ ገብቶባት ካልዘጋች ቤንዚኑ ሞልቶ በካርቡራተሩ አፍ ይገነፍላል፤ አንዱን ፍሳሽ ደፍነህ ሌላ ትወልዳለህ። ክዳኑን ብቻ ይዘን ቶርኖ ቤት ሄድን። ቀዳዳው ጥርስ ወጣለት፤ በልኩ ጥርስ ያላት የናስ ቱቦ ተቆረጠችለት፤ ቤንዚን የማያሟሟው ማሸጊያ ተቀብታ ተጠመዘዘች። በአየር ተነፋ፣ ታጠበ፣ ተመለሰ።

ቶርኖ ቤቱ ሥራውን እስኪጨርስ እኔ መርካቶ ሶማሌ ተራ ቱቦ ፍለጋ ተላክሁ። ሻጩ አቧራ የጠጣች፣ ጨርቅ የለበሰች ቱቦ አወጣ።

«ኦሪጅናል ናት?»

«ከመኪናህ ጋር አብራ ነው የመጣችው!»

«እሱማ ነው ችግሩ።»

ጎማ መደርደሪያ ላይም ያረጃል፤ ሳይሠራበት ጡረታ ይወጣል። ጠምዝዤ አየኋት፤ እንደ ደረቀ ዳቦ ሰነጠቀች። የማታ ማታ አምስት ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያላት፣ ለቤንዚን የተሠራች፣ ስትታጠፍ የማትሰነጠቅ አዲስ አገኘሁ። ጋሼ ደግሞ የድሮዎቹ ቱቦዎች ለምን እንደተፈረካከሱ የራሳቸው ምርመራ አላቸው። አዲስ አበባ ላይ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥ ነበር፤ የዱሮ ጎማ ደግሞ ኢታኖልን አይችልም፣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። «የመኪናህ ቱቦዎች ስኳር በሽታ ነው የያዛቸው» አሉኝ፤ «ቁስላቸው የማይድነው ለዚያ ነው።»

ያንን የተንጠለጠለ ማጣሪያ ነቅለው ከፊት፣ ከሳልባትዮው ሥር አስቀመጡት። ቱቦው የሞተሩን ላሜራ አልፎ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት አልነበረም፤ ላሜራው ቱቦውን እንደ ቢላ ሊገዘግዘው የቀረው ትንሽ ነው። እሱም ተገጠመ። ከሞተር ክፍሉ የወጣውን ነጩን ፕላስቲክ አንጠልጥለው ሰጡኝ።

«ይህን ምን ላድርገው?»

«ውሃ ልክ አንሳበት።»

በእጅ ተዞረች፤ ሶፍቱ ደረቅ። ባትሪው ተቀጠለ፣ ተነሳች፣ ሩብ ሰዓት ቆማ ሠራች፣ ደረቅ። ጥቁር አንበሳ ድረስ ወጥታ ተመለሰች፣ ደረቅ። ጋሼ ሒሳብ ሲሉኝ ኪሴን እየዳበስኩ፣ ለሁለተኛው መካኒክ የከፈልኩት ይታሰብልኝ አልኳቸው። «እሱንማ ለነቀለበት ነው የከፈልከው፤ እኔ ለተከልኩበት ነው የምጠይቅህ» አሉ። ከፈልኩ።

ካርቶን አንድ ሳምንት አነጠፍኩባት። በየማለዳው ባለሱቁ ይመጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ እንደ ዳኛ ራሱን ይነቀንቃል። በሰባተኛው ቀን፣ «ደረቅ ከሆነ ካርቶኔን መልስልኝ፤ ፓስታ ላስገባበት ነው» አለኝ። ወያላውም አላመለጠኝም፤ «ፋዘር፣ ራዲያተርህ ተሠራ?» ሲለኝ፣ አዎ፣ ፈልጌ አጥቼው ነው የተሠራው አልኩት። ለአንዴ እሱ ነው መልስ ሳያዘጋጅ የቀረው። እማማ ግን ጸበሉ ነው የሠራው ብለው አምነዋል፤ ለካ ሌሊት ሌሊት ጎማዋን ይረጩልኝ ነበር።

ስምንተኛው ማለዳ ላይ ስወጣ ውሻው ተመልሷል። ካርቶኑ በተነሳበት ቦታ፣ ልክ ከሞተሩ ሥር፣ አፍንጫውን በእግሩ መሀል አድርጎ ተኝቷል። ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል።

«ምን ብለህ አባበልከው?»

«ምንም አላልኩትም። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ አልነበር?»